«ስንተኛ ነው?» ከማለታችን በፊት፦ የዲሲ ትምህርት ቤቶችን ቁጥር ማንበብና ሎተሪውን መሙላት

ጃንዋሪ ሲገባ የእኛ ቤት የምግብ ጠረጴዛ ቢሮ ይሆናል። ጎረቤት ላፕቶፑን ይዞ ይመጣል። የሥራ ባልደረባዬ እህቷን ይዛ ትመጣለች፣ አንዳንዴ ከነልጆቿ። ቡና ይፈላል፣ የትምህርት ቤት ሎተሪ እንሞላለን፣ በዋሽንግተን ዲሲ ልጆች ትምህርት ቤት የሚደርሳቸው በዚህ ዕጣ ነው። እንዲህ ስናደርግ ስድስት ዓመት ሆነን። ሁሉም ገና ሳይቀመጡ የሚጠይቁኝ ግን ያው ነው፦ «አንደኛው ትምህርት ቤት የቱ ነው?»

ጥያቄው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ደብረ ብርሃን ሂሳብ አስተምር ነበር። በየሴሚስተሩ መጨረሻ የተማሪዎቼን ካርድ ስሞላ ‹ደረጃ› የምትለዋን ሣጥን በእጄ ጽፌያለሁ። 3ኛ፣ 17ኛ፣ 41ኛ። ወላጅ ካርዱን ሲቀበል ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። «ልጄ ካለፈው ሴሚስተር ስንት ተሻሻለ?» ብሎ የጠየቀኝ ወላጅ ትዝ አይለኝም። እዚህ መጥተንም ትምህርት ቤት የምንመርጠው በዚያው ዓይን ነው።

እኔም እንደዚያው አድርጌ ተሳስቻለሁ። የመጀመሪያዋ ልጄ ኬጂ ልትገባ ስትል፣ ቤት መፈለጊያ መተግበሪያ ላይ ከትምህርት ቤቱ ስም አጠገብ የምትታየውን ቁጥር አየሁና ትልቅ ቁጥር ያለውን መረጥኩ። ሎተሪው ደረሰን፣ እልል አልኩ። ከሰፈራችን ከብራይትውድ ሁለት አውቶቡስ ነበር። ጠዋት 55 ደቂቃ፣ ማታም እንደዚያው። ልጄ እራቷን ሳትበላ ትተኛ ነበር። ሁለት ዓመት እንዲህ ከተመላለስን በኋላ ነው የትምህርት ቤቱን ሪፖርት ቁጭ ብዬ፣ እንደ ሂሳብ አስተማሪ ያነበብኩት። ያኔ ነው የገባኝ።

መጀመሪያ ሪፖርቱ ከየት እንደሚመጣ። በፈረንጆቹ 2015 የወጣው የፌዴራል የትምህርት ሕግ እያንዳንዱ ስቴት ልጆችን ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በየዓመቱ፣ ሃይስኩል ደግሞ አንድ ጊዜ፣ በንባብና በሂሳብ እንዲፈትን ያስገድዳል። ውጤቱን በየትምህርት ቤቱ ለሕዝብ ማውጣትም ግዴታ ነው። ዲሲ ስቴት ባትሆንም ለዚህ ሕግ እንደ ስቴት ትቆጠራለች። ሥራውን የሚሠራው ኦሲ እያልን የምንጠራው የከተማዋ የትምህርት ቢሮ ነው። ‹ዲሲ ስኩል ሪፖርት ካርድ› ብላችሁ ፈልጉ፣ የትምህርት ቤቱን ስም ጻፉ፣ በቃ። ነፃ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤቱም፣ ቻርተር የሚባለውም (በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ፣ ግን ራሱን የሚያስተዳድር) እዚያው አለ።

ሜሪላንድ ያላችሁ የራሳችሁ ሪፖርት ካርድ አላችሁ፣ ለትምህርት ቤቶች ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጣል። ቨርጂኒያ ፈተናው ኤስኦኤል ይባላል። የሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ የቨርጂኒያው አሌክሳንድሪያ ልጁ የት እንደሚገባ በአብዛኛው የሚወስነው የቤት አድራሻ ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩን የምታነቡት ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ነው። ስለ ሎተሪው የምለው ለዲሲ ነው። ስለ ቁጥሩ የምለው ግን ለሁላችሁም ይሠራል።

አሁን ገጹን ክፈቱ። ከላይ የምታገኙት ቁጥር ከተማሪዎቹ ስንት በመቶው የክፍሉን ደረጃ እንዳሟሉ ይነግራችኋል። የዲሲ ፈተና አምስት እርከን አለው፣ ‹አሟልቷል› የሚባለው 4 ወይም 5 ያመጣ ነው። ይህ ቁጥር ውሸት አይደለም። ግን የሚመልሰው «ልጆቹ አሁን የት ናቸው?» የሚለውን ነው። «ትምህርት ቤቱ ምን ሠራላቸው?» የሚለውን አይመልስም። ሁለቱ ይለያያሉ። ቤቱ በመጽሐፍ የተሞላ፣ በሦስት ዓመቱ ማንበብ የጀመረ ልጅ የትም ቢገባ 4 ማምጣቱ አይቀርም። ያንን ልጅ የተቀበለ ትምህርት ቤት ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ብዙ ሳያስተምረውም።

ስለዚህ ወደ ታች ውረዱና ‹ግሮውዝ› የሚለውን ፈልጉ። እድገት ማለት ነው። ለእኔ የገጹ ዋና ነገር እሱ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝና ላስረዳ።

አንድ ልጅ አምና ያመጣውን ነጥብ ይወስዳሉ። ከዚያ አምና እሱን የመሰለ ነጥብ ካመጡ ልጆች ጋር ያወዳድሩታል። ዘንድሮ ከእነዚያ ከመቶው 60ውን ከበለጠ፣ የእድገት ቁጥሩ 60 ነው። የትምህርት ቤቱን ልጆች ሁሉ እንዲህ አስልተው በቅደም ተከተል ያሰልፉና የመሐሉን ይወስዳሉ። 50 ማለት እንደማንኛውም ትምህርት ቤት ማለት ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ልጆቹ እንደነሱ ከጀመሩት ይልቅ ፈጥነው ሄደዋል። ለምሳሌ ያህል፣ አንደኛው ትምህርት ቤት ላይ 70 በመቶው አሟልቷል እንበል፣ እድገቱ ግን 38 ነው። ሁለተኛው ላይ ያሟላው 35 በመቶ ብቻ ነው፣ እድገቱ 61። ሰፈር ውስጥ የሚወራው ስለ መጀመሪያው ነው። ልጄን የማስገባው ግን ሁለተኛው ነው፣ ሳላመነታ። አምና ወደኋላ የቀረ ልጅ ይዘው ዘንድሮ ፈቅ የሚያደርጉ አስተማሪዎች ያሉት እዚያ ነው።

የእኔ ልጅ ሁለት አውቶቡስ ትሄድበት የነበረው ትምህርት ቤት የመጀመሪያውን ዓይነት ነበር። ከቤታችን አራት ብሎክ ላይ ያለው፣ ስሙን ሰው ሲያጣጥለው የምሰማው፣ የሁለተኛውን ዓይነት። ካርድ ላይ 41ኛ እያልኩ ስጽፍባቸው የነበሩ ልጆች ያኔ ትዝ አሉኝ። ከእነሱ ውስጥ ከ20 ተነስቶ 55 የደረሰ ነበር። ማንም አላጨበጨበለትም።

ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጅ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ይህን እወቁ። ፈተናው የሚጀምረው 3ኛ ክፍል ነው። ስለዚህ ያ ቁጥር ስለ ትንንሾቹ ክፍል ምንም አይነግራችሁም። እዚያ ዓይናችሁ ነው የሚሠራው፣ እመጣበታለሁ።

ሪፖርቱ ውጤቱን በቡድን በቡድን ይከፋፍለዋል፦ በዘር፣ በገቢ፣ ልዩ ድጋፍ በሚፈልጉ ልጆች፣ እንግሊዝኛ በሚማሩ ልጆች። ልጃችሁ ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ ካለ የምታነቡት የዚያን መስመር ነው። የትምህርት ቤቱ አጠቃላይ ቁጥር 60 ሆኖ፣ እንደ እናንተ ያሉ ልጆች 20 ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። አማካይ ሰውን ይደብቃል። መስመሩ ባዶ ከሆነ ልጆቹ ጥቂት ስለሆኑ ነው፣ እንዳይታወቁ ይሸፍኑታል። ክፍሉ 20 ልጅ ብቻ ካለው አንድ ልጅ 5 በመቶ ማለት ነው። አራት ልጆች ቢዘዋወሩ ቁጥሩ በ20 ይንሸራተታል። ስለዚህ የትንሽ ትምህርት ቤት ውጤት በአንድ ዓመት ወርዶ ብታዩ አትደንግጡ። የሦስት ዓመቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ።

እንግሊዝኛ በሚማሩት ልጆች መስመር ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ልጁ እንግሊዝኛውን ሲችል ከቡድኑ ይወጣል። በጎበዙ ቦታ አዲስ የመጣ ይገባል። ቡድኑ ጎበዞቹን እየሸኘ የሚኖር ቡድን ነው፣ ስለዚህ የፈተና ውጤቱ ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ነው። በዚህ ትምህርት ቤቱን አትፍረዱበት። ይልቅ ‹አክሰስ› የሚባለውን ፈተና እድገት እዩ። በየዓመቱ የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ፈተና ነው፣ በመስማት፣ በመናገር፣ በማንበብና በመጻፍ። ከ30 በላይ ስቴቶች ይጠቀሙበታል። ስንት ልጆች የሚጠበቅባቸውን ያህል ከፍ እንዳሉ ሪፖርቱ ላይ ይገኛል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ስትመዘገቡ ቤት ውስጥ ምን ቋንቋ እንደምትናገሩ የሚጠይቅ ወረቀት ይሰጧችኋል። ብዙ ወገኖቻችን «ልጄን ከሰነፎቹ ክፍል ያስገቡብኛል» ብለው ‹እንግሊዝኛ› ብለው ይሞላሉ። አታድርጉት። አማርኛ ብላችሁ ጻፉ። ልጁ አጭር ፈተና ይፈተናል። ከቻለ በዚያው ያበቃል። ካልቻለ ድጋፍ የማግኘት መብት አለው፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1974 የወሰነው ነው። ድጋፉን ካልወደዳችሁት አይሆንም የማለት መብት አላችሁ። ‹እንግሊዝኛ› ብላችሁ ከሞላችሁ ግን ድጋፉን ለማግኘት ይከብዳችኋል፣ ወረቀቱ እንግሊዝኛ ነው ይላልና።

ቀጥሎ መቅረትን እዩ። ‹ክሮኒክ አብሰንቲዝም› ይላል። ከትምህርት ቀኑ 10 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የቀረ ልጅ ማለት ነው። ዓመቱ 180 ቀን ቢሆን 18 ቀን፣ በወር ሁለት ቀን ገደማ። ትንሽ ይመስላል፣ ግን አስተምሬ አውቃለሁ። ክፍልፋይ ስታስተምር ግማሹ ከሌለ ሰኞ እንደገና ትጀምራለህ፣ የመጣውም ልጅ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሁለት እኩል ትምህርት ቤት ካላችሁ ልጆች በብዛት የሚገኙበትን ምረጡ። ለሃይስኩል ከሆነ በአራት ዓመት የሚመረቁትን በመቶኛ እዩ፣ ከጎኑ ኤስኤቲ የሚባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ውጤት። ምርቃቱ ከፍ ብሎ ኤስኤቲው በጣም ከወረደ ጠይቁ።

ከዚህ በኋላ ላፕቶፑን ዝጉና ሂዱ። ዲሴምበር ላይ ኤድፌስት የሚባል የትምህርት ቤቶች አውደ ርዕይ አለ፣ ብዙዎቹን በአንድ ቀን ታገኟቸዋላችሁ። ግን እሱ ጠረጴዛና ብሮሹር ነው። ትምህርት ቤቱን በሥራ ቀን፣ ልጆች ባሉበት ሰዓት እዩት። ኮሪደር ላይ ትንሽ ቁሙ። አስተማሪዎቹ ልጆችን በስማቸው ይጠራሉ? ከርእሰ መምህሩ ጋር ስትገናኙ እኔ ሁሌ የምጠይቃቸውን ውሰዱ፦ «ልጄ ማንበብ ቢያስቸግራት በስንት ሳምንት ውስጥ ትነግሩኛላችሁ? ከዚያስ ምን ታደርጋላችሁ?» መልሱ በቀን፣ በሰው ስም፣ በሥራ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። «ሁሉንም ልጆች እንወዳለን» ከሆነ ሌላ ጠይቁ። አምና ከነበሩት አስተማሪዎች ስንቱ ዘንድሮም እንዳለ ጠይቁ። እንደ እኔ በፈረቃ የምትሠሩ፣ ከትምህርት በኋላ ልጅ የሚቆይበት ቦታ እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነና ወረፋ እንዳለው ጠይቁ። እንግሊዝኛችሁ ካስቸገራችሁ አታፍሩ። አማርኛ በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ሕግ ከሚያካትታቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። አስተርጓሚ ጠይቁ፣ በነፃ ነው። ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት።

መንገዱንም በጠዋቱ ሰዓት ሞክሩት። ዲሲ ውስጥ ቢጫው አውቶቡስ የሚመጣው ልዩ ድጋፍ ለሚፈልጉ ልጆች ነው። ሌላው በአብዛኛው በእግሩ፣ በመኪና ወይም በሜትሮ ነው። ተማሪዎች ኪድስ ራይድ ፍሪ በሚባለው ካርድ አውቶቡስና ባቡር በነፃ ይጠቀማሉ። ግን የአምስት ዓመት ልጅ ብቻዋን አትሄድም፣ የእናንተም ሰዓት ነው የሚቆጠረው።

አሁን ሎተሪው። ማይ ስኩል ዲሲ ይባላል። የመንግሥትንም፣ የአብዛኞቹን ቻርተሮችም በአንድ ፎርም ትሞሉበታላችሁ። ቻርተር ትምህርት ቤት የግል አይደለም፣ ክፍያም የመግቢያ ፈተናም የለውም። እስከ 12 ትምህርት ቤት በቅደም ተከተል መጻፍ ይቻላል። ለሃይስኩል የሚዘጋው ፌብሯሪ መጀመሪያ፣ ለሌላው ማርች መጀመሪያ ላይ ነው። ትክክለኛውን ቀን በዓመቱ ገጻቸው ላይ እዩ። ከተከፈተ በኋላ ቀድሞ የገባና በመጨረሻው ቀን የገባ እኩል ነው፣ ስለዚህ ሌሊት አትነሱ። ካለፈ በኋላ ግን የምትሰለፉት ከሁሉም ኋላ ነው።

ከኬጂ ጀምሮ ለሰፈራችሁ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሎተሪ አያስፈልግም። አድራሻችሁ ይበቃል፣ ቦታው የልጃችሁ ነው። ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጅ ግን የሰፈሩም ቢሆን በሎተሪ ነው። ይህንን ባለማወቅ በየዓመቱ ኦገስት ላይ እያለቀሰ የሚመጣ አለ። የምትመርጡት ትምህርት ቤት ልጁን ቀጥሎ ወደየትኛው ሚድል ስኩል እንደሚያሳልፍም እዩ። በሎተሪ የመንግሥት ኤለመንታሪ የገባ ልጅ፣ ሰፈሩ ባይሆንም፣ ወደ ተከታዩ የማለፍ መብት አለው።

ቅደም ተከተሉ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። አንድ ጎረቤቴ «ዋናው የምፈልገው አይደርሰኝም፣ ቶሎ የሚገኘውን አንደኛ ላስቀምጥ» አለ። ለመንኩት፣ አልሰማኝም። ቶሎ የሚገኘው ደረሰው። ሁለተኛ ያደረገው ግን የእውነት የሚፈልገው ነበር፣ እሱ ከዝርዝሩ ተሰረዘ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ ለልጃችሁ በዕጣ ቁጥር ይሰጠዋል። ወንድም ወይም እህት እዚያ የሚማርለትን፣ የሰፈሩን ልጅ ያስቀድማል። ከዚያ አንደኛ የጻፋችሁትን ይሞክራል። ካልሆነ ሁለተኛውን፣ ካልሆነ ሦስተኛውን። ከባዱን መጀመሪያ በመሞከራችሁ ለቀጣዩ ያላችሁ ዕድል አይቀንስም። አንዱ ሲደርሳችሁ ከሱ በታች ያሉት ሁሉ ይሰረዛሉ። ከሱ በላይ ባሉት ላይ ደግሞ ተጠባባቂ ትሆናላችሁ። ስለዚህ ብልጠት አያስፈልግም። የምትወዱትን በምትወዱት ቅደም ተከተል ጻፉ። የማትልኩበትን ትምህርት ቤት ቦታ ለመሙላት ብላችሁ አታስገቡ።

ውጤቱ ማርች መጨረሻ ወይም ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ይወጣል። የደረሳችሁን ቦታ እስከ ሜይ መጀመሪያ ድረስ ካልተመዘገባችሁበት ታጡታላችሁ። ብትመዘገቡም የላይኛው ላይ ያላችሁ ተራ አይጠፋም፣ ስለዚህ ግቡ። ወረቀት ያስፈልጋል፦ የልጁ ዕድሜ ማስረጃ፣ የክትባት ካርድ፣ ዲሲ እንደምትኖሩ የሚያሳይ። የዲሲ ግብር የተቆረጠበት የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ስሊፕ ጥሩ ማስረጃ ነው። ስሊፑ ላይ ሜሪላንድ የሚል ከሆነ ቀድማችሁ አሠሪያችሁ ጋ አስተካክሉ። ዲሲ ሳትኖሩ የዘመድ አድራሻ ማስመዝገብ አይሆንም፣ ከተደረሰበት የትምህርት ክፍያ ያስከፍላል። ቤት አጥታችሁ ዘመድ ጋ ተጠግታችሁ የምትኖሩ ግን ሌላ ሕግ አለላችሁ። የፌዴራል ሕግ ነው። ልጁ ወረቀት ባይሟላለትም ወዲያው እንዲመዘገብ ያዛል። ትምህርት ቤቱ ‹ማኪኒ ቬንቶ› የሚባለውን ሥራ የያዘ ሰው አለው፣ እሱን ጥሩልኝ በሉ።

የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ወይም የልጁን ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ግን ለመመዝገቢያ ብለው ሊያስገድዷችሁ አይችሉም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 ልጅ በፈቃድ ምክንያት ከመንግሥት ትምህርት ቤት እንዳይከለከል ወስኗል። ፈርታችሁ ልጅ ቤት አታስቀምጡ።

ተጠባባቂ ዝርዝሩ በጋውን ሙሉ፣ ትምህርት ከተጀመረም በኋላ ይንቀሳቀሳል። የእኔ ልጅ ወደ ሰፈራችን የተመለሰችው ያለ ሎተሪ ነው፣ አድራሻችን በቂ ነበር። ታናሽ ወንድሟ በ4 ዓመቱ ግን ተጠባባቂ 9ኛ ነበር። ኦገስት መጨረሻ ላይ፣ መድኃኒት ቤት ሥራ ላይ እያለሁ ተደወለልኝ። የማላውቀው ቁጥር ነበር፣ ላላነሳው ነበር። ተራ ሲደርሳችሁ መልስ ለመስጠት የሚሰጧችሁ ጊዜ አጭር ነው። ስልክ ቁጥር ከቀየራችሁ ፎርሙ ላይ ግቡና ቀይሩት። ቮይስሜይላችሁ ሞልቶ እንደሆነም ዛሬ ማታ እዩት።